ውርር የሚያደርግ ድምፅ፦ ከሹሩባና ከሱፍ ፈተላ እስከ በገና

ሹሩባ እየተሠራች እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ በየቤቱ አለች። እናቷ "ቀና በይ እንጂ!" እያለች ታነቃታለች፤ ልጅቷ ቀና ትልና ጥቂት ቆይታ መልሳ አንገቷን ትደፋለች። ደክሟት አይደለም። የማበጠሪያው ጥርስ የራስ ቆዳዋን ቀስ ብሎ ሲነካ፣ ጣቶች ፀጉሯን ሲከፍሉ የሚፈጠረው ስስ ድምፅ ከጆሮዋ ኋላ ሲሰማት አናቷ ላይ ውርር ይላታል። ውርርታው በማጅራቷ አልፎ በአከርካሪዋ ይወርዳል፤ ሰውነቷ ይዝላል፤ ዓይኗ ይከደናል።

ይህንኑ ስሜት ካደጉ በኋላም የሚያገኙት ብዙዎች ናቸው። አንዱ የሚወርረው ዝግ ባለ ድምፅ የሚናገር ሐኪም ሲመረምረው ነው። ሌላዋን አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የመጽሐፍ ገጽ ሲገልጥ ወይም በእርሳስ ሲጽፍ ይወርራታል። ጥሬ ቡና በሰፌድ ሲለቀም የሚሰማው ኮሽታ የሚያፈዝዘውም አለ። ታዲያ አብዛኛው ሰው ስሜቱን ለማንም አይናገርም። "ድምፅ ሰምቼ ጭንቅላቴን ደስ የሚል ነገር ወረረኝ" ቢል ምን እንደሚባል ያውቀዋላ!

ለመሆኑ ይህ ስሜት ምንድነው? ሁሉም ሰው ያገኘዋል? በሽታስ ይሆን? በእኛ ባህልስ ውስጥ የት ቦታ አለው?

ስሙ ከየት መጣ?

ነገሩ የራሱ መጠሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስሙን ያወጣችለት ጄኒፈር አለን የተባለች አሜሪካዊት ስትሆን፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል "ኤኤስኤምአር" ይባላል። ወደ አማርኛ እንመልሰው ከተባለ "በራሱ ጊዜ የሚመጣ፣ በስሜት ሕዋሳት የሚቀሰቀስ፣ ከፍታ ላይ የሚደርስ ምላሽ" እንደ ማለት ነው። አለን ሳይንሳዊ ቃና ያለው ስም የመረጠችው ሆን ብላ ነው፤ ሰዎች ስለ ስሜታቸው ሳያፍሩ እንዲናገሩ አስባ። ስሙ በላብራቶሪ የተገኘ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው "ኤኤስኤምአር አለብኝ" ቢል የምርመራ ውጤት እንደነገረን አድርገን መውሰድ የለብንም።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ድሃ አይደለም። "ወረረኝ" ወይም "ውርር አደረገኝ" የምንለው በቆዳ ላይ እየተስፋፋ የሚሄድ ነገር ሲሰማን ነው። "ነዘረኝ" ፈጣንና ጠንከር ያለ ነው፤ ኤሌክትሪክን ያስታውሳል። "ሰቀጠጠኝ" ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሹካ የሸክላ ሳህን ሲፍቅ፣ ጥፍር ሰሌዳ ሲቧጥጥ የሚመጣው። "ዘገነነኝ" ውስጥ ፍርሃትና መጸየፍ አለበት። "ነሸጠኝ" የምንለው ሽለላ ወይም ፉከራ ሲያነሣሣን ነው። አንድ የውጭ ተመራማሪ በረጅም መጠይቅ ለመለየት የሚደክምበትን ልዩነት አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ግሥ ይለየዋል። የዛሬው ርዕሳችን ከእነዚህ ሁሉ "ውርር" ከሚለው ጋር ይቀራረባል።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

በባለሙያዎች ተገምግሞ የታተመው የመጀመሪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። በዌልስ የስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ኤማ ባራትና ኒክ ዴቪስ ስሜቱን እናገኘዋለን የሚሉ 475 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከተጠያቂዎቹ 75 በመቶ የሚሆኑት ስሜቱን የሚቀሰቅስባቸው ሹክሹክታ መሆኑን ገለጹ። 69 በመቶዎቹ የአንድ ሰው የቅርብ እንክብካቤ፣ 64 በመቶዎቹ እንደ ወረቀት ያሉ የኮሽታ ድምፆች፣ 53 በመቶዎቹ ደግሞ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ አሉ። ለምን እንደሚፈልጉት ሲጠየቁም 82 በመቶዎቹ ለእንቅልፍ፣ 70 በመቶዎቹ ጭንቀትን ለማቅለል እንደሚጠቀሙበት ተናገሩ። ለወሲባዊ ስሜት እንደሚሹት የገለጹት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የምንጠቅሰው ነገሩን ከዚያ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ስለሆኑ ነው። አብዛኞቹ ስሜቱን ያወቁት በልጅነታቸው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ መሆኑም የሹሩባዋን ልጅ ያስታውሰናል።

ጥናቱ አንድ ጉድለት አለው። የተጠየቁት ቀድሞውኑ ስሜቱን የሚወዱና የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መቶኛዎቹ ስለ ሕዝቡ ሁሉ የሚናገሩት ነገር የለም፤ ቡና ቤት ገብቶ ቡና ትወዳላችሁ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

"ሰዎቹ ዝም ብለው ይመስላቸዋል" ለሚለው ጥርጣሬ የተሻለ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲዋ ጁሊያ ፖሪዮና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ነው። 112 ሰዎችን ወደ ላብራቶሪ ጠሩ። ግማሾቹ ስሜቱን የሚያገኙ፣ ግማሾቹ የማያገኙ ነበሩ። የሹክሹክታና የዝግታ ቪዲዮ እያሳዩ የልብ ምታቸውንና የቆዳቸውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ለኩ። ስሜቱን የሚያገኙት ሰዎች የልብ ምት በአማካይ በደቂቃ 3.14 ቀነሰ። ሌሎቹ ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። የሚገርመው፣ የልብ ምታቸው የቀነሰው ሰዎች የቆዳ መለኪያ ደግሞ ከፍ ማለቱ ነው። ይህ ምልክት የመነቃቃት ነው። ማለትም ሰውየው በአንድ ጊዜ ይረጋጋልም፣ ይነቃቃልም። ሹሩባ የምትሠራዋ ልጅ እንቅልፍ እየወሰዳት እንኳ እናቷ እንድታቆምባት የማትፈልገው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

አንጎልን በምስል የመረመሩ ጥናቶችም አሉ። በካናዳ የዊኒፔግ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ስሚዝና ባልደረቦቹ ስሜቱን የሚያገኙ 11 ሰዎችን ከማያገኙ 11 ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። ያለ ሥራ ስናርፍ አብረው የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ትስስር በሁለቱ ወገኖች እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ2017 አመልክተዋል። 22 ሰው ግን ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ "የአንጎላቸው አሠራር ተገኘ" ማለት መቸኮል ይሆናል።

ከዚህ ስሜት ጋር የሚምታታ ሌላ የሙዚቃ ስሜት አለ። ዜማው ከፍ ሲል፣ ድንገት ሲለወጥ ወይም ያልጠበቅነው ድምፅ ሲገባ ፀጉራችን የሚቆምበት ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ልብንም ያፈጥናል። ሙያተኞቹ በፈረንሳይኛ ቃል "ፍሪሶን" ይሉታል። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲዎቹ አን ብለድና ሮበርት ዛቶሬ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች እንዲህ በሙዚቃ ሲነዘሩ በምግብና በሌሎች ደስታዎች ጊዜ የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች እንደሚነቁ አሳይተዋል። ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ የተሠራ ጥናት ደግሞ በዚያ ቅጽበት ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንደሚለቀቅ አረጋግጧል። የለስላሳ ድምፁ ውርርታ ግን ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ደቂቃዎችም ሊቆይ ይችላል።

ንክኪስ? በቆዳችን ውስጥ፣ በተለይ ፀጉር ባለበት ቆዳ፣ ለዝግተኛ ዳበሳ ብቻ የሚሠሩ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። በደንብ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ቆዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ነው። እናት ልጇን ስትዳብስ የምትጠቀመው ፍጥነት ነው። ሹክሹክታም ቢሆን ከቅርብ ሰው አፍ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ስለሆነ፣ ጆሮ ለሰማው ቆዳ እንደተነካ አድርጎ መመለሱ እምብዛም አያስገርምም።

የሞላሌ ጸጥታ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ ይወጣል። ሞላሌ በዚያ መንገድ ላይ የምትገኝ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ መንገዱ ቀጥሎ ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገብስና በግ የኑሮው መሠረት ናቸው። የመንዝ በግ አነስተኛ ቁመት ያለው፣ ላቱ የሰባ፣ ሸካራ ጠጉር የሚያበቅል ዝርያ ነው። ተመራማሪዎችም ጠቃሚነቱን አይተው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ከገበሬዎቹ ጋር ዝርያውን የማሻሻል ሥራ ጀምረዋል።

የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተነድፎ ይፈተላል፤ ከዚያም ባና ይሠራል። ባና የማያውቅ አዲስ አበቤ ቢኖር፣ የመንዝን ሌሊት የሚያሳልፈው ከባዱ የሱፍ ልብስ ነው ብንለው ይበቃል። ለርዕሳችን የሚጠቅመን የሥራው ድምፅ ነው። ደጋን ሲመታ የጅማቱ እምምታ አለ፤ ጠጉሩ ሲበጠር የሚሰማ ፍትግታ አለ፤ እንዝርት ሲሽከረከር የሚወጣ ስስ ድምፅ አለ። ሁሉም ዝግ ያሉ፣ የሚደጋገሙ፣ ከቅርብ ካልሆነ የማይሰሙ ናቸው። ደግሞም ሥራውን የሚሠራው ሰው ፊቱን ወደ ሥራው አድርጎ በትኩረት ይሠራል፤ ከጎን ሆኖ የሚያይ ልጅም ይፈዝዛል። ባራትና ዴቪስ በጥናታቸው ያገኟቸው ቀስቃሾች እነዚሁ ናቸው፤ የኮሽታ ድምፅ፣ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ፣ የሰው ትኩረት።

ይህን ስንል የገጠር ኑሮ ሁሉ ማረፊያ ነው ለማለት አይደለም። ሌሊት ተነሥታ የምትፈትል ሴት ድካሟን እንጂ ውርርታ አትቆጥርም። ነጥቡ ሌላ ነው። ለስላሳ ድምፅ እንዲሰማ ጸጥታ ያስፈልጋል፤ ጸጥታ ደግሞ በከተማ ውድ ሆኗል። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከመጠጥ ቤት፣ ከጄኔሬተርና ከድምፅ ማጉያ ጎን የሚኖር የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን ቁጥር ሲያነብ ሳይስቅ አይቀርም። ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሰው የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የማያውቀውን ሰው ሹክሹክታ በስልኩ የሚፈልገው ዙሪያው ስለጮኸበትም ጭምር ነው።

በገና፦ ሆን ተብሎ የተሠራ ንዝረት

በአገራችን ይህን ስሜት ፈልጎ የሠራ የሚመስል መሣሪያ ቢኖር በገና ነው። ከክራር ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ ቅርጻቸው ይቀራረባል። በድምፅ ግን አይገናኙም። የክራር ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ በገና ይነዝራል።

ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። በገና ከታች ቆዳ የለበሰ የእንጨት ገበቴ፣ ከላይ ቀምበር፣ በመካከል ሁለት ምሰሶ አለው። 10 አውታሮቹ በባህሉ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው፤ የመንዝ በግ ለሱፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አውታሮቹ ታች ገበቴው ላይ በተቀመጠው ሰፊና ጠፍጣፋ በርኩማ ላይ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል "እንዚራ" የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ ቦታዋን ይፈልጋል። በልኳ ስትቀመጥ አውታሩ በተመታ ቁጥር የበርኩማውን ገጽ ደጋግሞ በጥቂቱ ይነካዋል። የበገና እዝዝታ ከዚህ ንክኪ ይወጣል። እንዚራዋ ከቦታዋ ከተንሸራተተች ድምፁ ይደነቁራል፤ ስለዚህ በገናን መቃኘት ሁለት ሥራ ነው፤ አውታሩን መቃኘትና እዝዝታውን መቃኘት።

በድምፅ ሳይንስ ሲታይ፣ ይህ ጥቃቅን ንክኪ ወፍራሙን የአውታር ድምፅ በብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይሞላዋል። አውታሩ ወፍራም ድምፅ ያለው ሆኖ ሳለ የሚሰማው ጢም ያለ፣ ብዙ ነገር በአንድ ላይ የሚያጉረመርም የሚመስለው በዚህ ነው። ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። የህንዱ ታምቡራ ከአውታሩ ሥር ክር እያስገቡ ተመሳሳይ ድምፅ ያወጡበታል፤ የጃፓኑ ሻሚሴንም የራሱ ዘዴ አለው፤ ዚምባብዌዎች ምቢራቸው ላይ የጠርሙስ ክዳን ያስራሉ። ዓለም በየፊናው ጥርት ካለ ድምፅ ይልቅ የሚነዝር ድምፅ የመረጠባቸው ቦታዎች አሉ። ቤልጂየማዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ስቴፋኒ ዌይሰር የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት በበገና ላይ ሲሆን፣ የእዝዝታውን አፈጣጠርም ሆነ መሣሪያው በአድማጭ ላይ የሚያሳድረውን ስሜት መርምረው ጽፈዋል።

የደርዳሪው ድምፅም አለ። በገና እየደረደረ የሚጮህ ሰው የለም። ድምፁ ከደረት የሚወጣ፣ ዝግ ያለ፣ አንዳንዴ ወደ ሹክሹክታ የሚጠጋ ነው። ጣቶቹ አንድን አካሄድ ደጋግመው ይመላለሱበታል። ብዙ ደርዳሪዎች ከ10ሩ አውታሮች 6ቱን ይመታሉ፤ 4ቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ግጥሙ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ንስሐ ነው፤ ሰምና ወርቅም ይበዛበታል። በነገራችን ላይ ሰምና ወርቅን ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ ብዙውን ጥናት ያካሄደው እዚሁ መንዝ ነበር። ድግግሞሽ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ እዝዝታ፣ ለብቻ ለአንድ ሰው የሚነገር የሚመስል ቃል፤ ውርርታ ለመቀስቀስ ከዚህ የተሻለ ስብስብ ለማግኘት ያስቸግራል።

ቀደምቶቻችንም ድምፅ በአካል ላይ ምን እንደሚያደርግ አልጠፋቸውም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ላይ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር ተጽፏል። በእኛ ትውፊት የዳዊት በገና ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ነው። የቅዱስ ያሬድም ታሪክ አለ፤ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ ተመስጦ ጦሩን ያሬድ እግር ላይ ተከለው፣ ደሙ ሲፈስም ሁለቱም አላወቁም ይላል። ዛሬ ሕመምን የሚያስረሳ ሙዚቃ የሚያጠኑ ሐኪሞች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

በገና በቅዳሴም በማኅሌትም አይገባም። የግል ጸሎት መሣሪያ ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። ድሮ መኳንንቱና ካህናቱ በየቤታቸው ይይዙት ነበር። በደርግ ዘመን ከሬዲዮ ጠፋ፤ የሚማረውም ሰው ተመናመነ። ያን ዘመን ካሻገሩት መካከል በስም የሚነሡት ዓለሙ አጋ ናቸው። እንጦጦ ተወልደው፣ በ12 ዓመታቸው ለጎረቤትነት ከመጡት ከመምህር ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተማሩ፤ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጠኑ፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀዳው ድርድራቸው በፈረንሳዩ "ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ሕትመት 11ኛ ሆኖ ወጥቶ በዓለም ተሰማ። የሶስና ገብረ ኢየሱስ የበገና ካሴትም እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ፣ አማርኛ ጨርሶ የማያውቁ ሰዎች ያዳምጡታል። ቃሉን ሳያውቁ ምን ይሰማሉ ቢባል፣ እዝዝታውን ነው።

ጸሎት ወይስ የእንቅልፍ መድኃኒት?

እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። በአዲስ አበባ ከቢሮ ደክሞ ገብቶ የበገና ቅጂ በስልኩ ከፍቶ የሚተኛ ወጣት ባለሙያ ብዙ ነው፤ ጾም ይሁን ፍስክ አያስብም። ይህን የማይወዱ አሉ፤ ለንስሐ የተሰጠውን ለማስተኛነት ማዋል ነገሩን ማቅለል ነው ይላሉ። በገና የሚነዝረው ሰውነትን ሊያነቃ እንጂ ሊያስተኛ አይደለም የሚል ሙግትም አላቸው። ሙግታቸው ባዶ አይደለም፤ የሼፊልዱ ጥናት ያሳየው መነቃቃት ከእርጋታ ጋር አብሮ መኖሩን ነው። በሌላ በኩል ዳዊት ለሳኦል የደረደረለት ሳኦል ሊያርፍ ስላልቻለ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሁለተኛው ያደላል፤ ሆኖም ግጥሙን ሳይሰሙ እዝዝታውን ብቻ መውሰድ የማር እንጀራውን ትቶ ሰሙን ማኘክ ይሆናል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው የጤናው ጉዳይ ነው። በገናም ሆነ ሹክሹክታ ሕክምና አይደሉም። እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ያለው፣ ጭንቀት ሥራ ያስፈታው ሰው ድምፅ እየሰማ ሐኪም ማየቱን ማዘግየት የለበትም። ስሜቱን የሚያገኙ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ የጭንቀት ዝንባሌ እንዳላቸው የእንግሊዙ ኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል፤ ቪዲዮውን ካዩ በኋላ ጭንቀታቸው መቀነሱንም እንዲሁ። ጊዜያዊ ማቅለያ ነው ማለት ነው።

ሁሉም ውርርታ ደግሞ ይኸኛው አይደለም። በድምፅ ወይም በንክኪ የሚመጣ፣ ደስ የሚል፣ ከአናትና ከማጅራት የሚጀምር ከሆነ አያስፈራም። ድምፅ ሳይኖር እጅና እግርን የሚጠዘጥዝ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የስኳር ሕመም ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነርቭ ሲጎዳ እንዲህ ያደርጋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ ርቆ የሚቆይ ሰው ሊመረመር ይገባዋል። ድንገት ግማሽ አካል ላይ የሚመጣ መደንዘዝ፣ ከንግግር መተሳሰር ወይም ከአፍ መጣመም ጋር ከሆነ፣ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለደቂቃም መቆየት አያስፈልግም። ውርርታው ራስን ከመሳት ጋር የሚመጣበትም ሰው የነርቭ ሐኪም ይይ።

የስሜቱ ተቃራኒ ያለባቸውም አሉ። ሌላው ሰው ሲያላምጥ፣ ሲያፏጭ ወይም ሲጠጣ የሚሰማው ድምፅ እስከ ቁጣ የሚያደርሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 "ሚዞፎኒያ" የሚል ስም ወጥቶለታል፤ የድምፅ ጥላቻ ማለት ነው። ለአንዱ የሚያስተኛ ሹክሹክታ ለሌላው የሚያስሸሽ የሚሆነው በዚህ ነው። በትዳር ውስጥ አንዱ እየሰማ ሌላው ሊተኛ ሲሞክር ማዳመጫ መጠቀም ጠብ ያስቀራል፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ጆሮን ያተርፋል።

በገናን ለመስማት ለሚፈልግ አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ በየአዳራሹ በገና በድምፅ ማጉያ ይቀርባል፤ ብዙ ደርዳሪዎች አብረው ሲቀመጡም ይታያል። ድምፅ ማጉያ እዝዝታውን ወደ ጩኸት ስለሚለውጠው ሸካራ ይሆናል። ከበግ አንጀት ይልቅ ናይለን የሚያስሩም በዝተዋል፤ ናይለን በእርጥበት አይላላም፣ ቶሎም አይበጠስም፣ ዋጋውም ይቀላል። አንጀት ያሰረ በገና ፊት፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማጉያ በሌለበት ከሦስት ሜትር ባልበለጠ ርቀት የተቀመጠ ሰው ግን ድምፁን በጆሮው ብቻ አይሰማውም፤ የተቀመጠበት እንጨትም አብሮ ይነዝራል።